የወንዝ ዳሩ ጥላ ፎቅ

አቃቂ በሰቃ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለጌዲዮን፣ ባሕር ላይ ላለኸው፤

ከነመርከብህ፣ ከነባልደረቦችህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አክስትህ ጋዲሴ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ተመስገን። ወንድምህ ዘአማኑኤልም ደህና ነው፤ እሁድ ጨዋታ ላይ ሲያስጨፍር የጠፋ ድምፁ ብቻ እስካሁን አልተመለሰም። ሞተራችሁን አያጥፋባችሁ፣ ማዕበሉን ያብርድላችሁ።

ይህን በኮምፒውተር የሚጽፍልኝ ሀይረዲን ነው፣ ሳሪስ ሱቅ ያለው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይመታል። ስድቡን ላውጣው ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ ንክች እንዳታደርገው ብዬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክለባችን ድርና ማግ ሜዳው መቀመጫ ካልተሠራለት በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰፈር ሄዶ ይጫወታል ተባልን። በገዛ ሜዳችን እንግዳ ልንሆን! ፋብሪካው ሲዘጋ ሜዳውንም ክለቡንም ለእኛ ለደጋፊዎቹ ትቶልን እንደሄደ ታውቃለህ። እናትህ ነፍሷን ይማረውና እሷም እኔም ዕድሜያችንን የጨረስነው እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ክር ስንቀጥል ነው። ከዚያ ወዲህ ክለቡ የደጋፊ ማህበሩ እንጂ የማንም አይደለም። አሁን አንድ ባለሀብት መጣ። በወንዙ በኩል ባለ ሁለት ደርብ ጥላ ፎቅ ልሥራላችሁ፣ እናንተ ደግሞ ከክለቡ ትልቁን ድርሻ ስጡኝ አለ።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ሊቀ መንበራችን ያደታ፣ ያ ድርቅ ያለ አህያ፣ ግትርነቱን ታውቀው የለ፣ «በትምህርት ቤቱ በኩል ያለው ዳገት ድንጋያማ ነው፤ እዚያ ላይ በደቦ የድንጋይ ደረጃ እንሥራ፤ ጣሪያ ባይኖረው ጃንጥላ እንይዛለን፤ ክለቡ ግን የእኛው ይሁን» ይላል። ወጣቶቹ ሳቁበት። «ጋሽ ያደታ፣ እኛ ስታዲየም ስንል እርስዎ ካብ ይላሉ?» አሉት። ወንድምህ ሳይቀር ሳቀ። እኔ መሀል ላይ ቀርቻለሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወገቤ ስንት ዓመት ሙሉ ፍዳውን ሲያይ ኖረ፤ ግን ደግሞ ሜዳውን ለማላውቀው ሰው መስጠት ያስፈራኛል።

የጥላ ፎቁን ሥዕል ዘአማኑኤል በቴሌግራም ልኮልሃል፣ ወደብ ስትደርስ ይከፈትልሃል አሉ። አንተ ኢንጂነር ነህ። ስብሰባው የተበተነው «የጌዲዮን ቃል እስኪመጣ» ተብሎ ነው። ማን ያስብ ነበር፣ አፍንጫህን የጠረግኩልህ ልጅ፣ ሰፈር ሙሉ አፍህን ይጠብቃል ብሎ!

አክስትህ ጋዲሴ


ሞምባሳ ወደብ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ ለእትዬ ጋዲሴ፤

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ የወንድሜንም ድምፅ ይመልስለት። እኔ ደህና ነኝ። ከሞተር ክፍሉ ሙቀት በቀር የሚያማርር ነገር የለኝም።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እዚህ ባሕር ላይ ኢንተርኔት የለንም፤ የሚመጣልን ጽሑፍ ሁሉ በመርከቡ ኢሜይል ነው። ግሪካዊው ካፒቴን ያትመውና ስም እየጠራ ያድለናል። ጃለታ የሚባል የአገር ልጅ አለ፣ የነቀምት ሰው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል። የእርስዎን ደብዳቤ ሁልጊዜ አብረን ነው የምናነበው። በስድብዎ ሲስቅ ሻዩን ደፋው።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ ከዚህ በፊትም ነግሬዎታለሁ። እኔ የተማርኩት የመርከብ ሞተር ነው። ፎቅ አልሠራም። የጥርስ ሐኪም ልብ ቅደድ ቢባል ምን ይላል? እንደዚያ ነው።

ሥዕሉን አየሁት። ቆንጆ ነው። እውነቴን ነው፣ ዓይን ይሞላል። አረንጓዴና ነጭ ወንበሮቹን ሳይ እማዬ ብታየው ብዬ አሰብኩ።

ነገር ግን እትዬ፣ ሥዕሉ የሚያሳየው ከመሬት በላይ ያለውን ብቻ ነው። ከመሬት በታች ምን እንዳለ አንድም ነገር አላየሁበትም። የወንዙ ዳር ደግሞ ዋልካ ነው፤ ልጆች ሳለን በክረምት ጫማችንን የሚውጥብን፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ኳሳችንን የሚያስቀርብን ያ ጥቁር አፈር። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የተሸከመውን ሁሉ ሲያነሣው ሲጥለው ይኖራል። የአፈር ባለሙያ ቆፍሮ ሳያየው እሺ እንዳትሉ። ጋሽ ያደታ ያሉት ዳገት ባያምርም አለት ነው። ደግሞ ትልቁ ድርሻ የሰውዬው ከሆነ፣ ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ማንን ትጠይቃላችሁ? ይህንንም ለስብሰባው ያንብቡልኝ። አደራ።

ልጅዎ ጌዲዮን


አቃቂ በሰቃ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌዲዮን፤

ከክፉ ዓሣና ከክፉ አለቃ ይሰውርህ! ደህና ነህ? እኛ ከደህናም በላይ ነን።

ጸደቀ! እልል በል!

ስብሰባው ቀበሌ አዳራሽ ነበር፤ ሰው ከመብዛቱ የተነሣ መስኮት ላይ ሁሉ ተንጠልጥሎ ነበር። ያደታ ስለ ድንጋይ ደረጃው ሲያወራ በፉጨት አስቆሙት። ከዚያ እኔ ተነሣሁ። ደብዳቤህን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ መነጽሬን አደረግኩ። አዳራሹ ጭጭ አለ፤ ቅዳሴ ላይ እንኳ ሰው እንዲህ ጭጭ አይልም። «ሥዕሉን አየሁት፤ ቆንጆ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ዓይን ይሞላል» ብዬ አነበብኩ። ከዚያማ ምኑን ልንገርህ! ጭብጨባው፣ እልልታው! ወንድምህ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ከበሮውን ይደልቀዋል። ባለሀብቱ ሰው እየገፋ መጥቶ ጉንጬን ሳመኝ። ድምፅ ሲሰጥ ከያደታና ከጥቂት ሽማግሌዎች በቀር እጁን ያላወጣ የለም። ያደታ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። መንገድ ላይ ስንገናኝም ሰላም አይለኝም፤ ግዴለም፣ ያልፍለታል።

ቁፋሮው ወዲያው ተጀምሯል። ከክረምት በፊት አልቆ ትገቡበታላችሁ ብሎናል ባለሀብቱ። ለዘአማኑኤልም ሥራ ሰጠው፤ የጥላ ፎቁ ጥበቃ ሆኖ ከሥሩ አንዲት ክፍል ትሠራለታለች። ከሳሪስ አቦ አከራዩ ጭቅጭቅ ተገላገለ፣ እፎይ! ይህ ሁሉ የሆነው በአንተ ቃል ነው።

የኮራችብህ አክስትህ ጋዲሴ


ሳንቶስ፣ ብራዚል፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጋዲሴ፤

ዓመቱን ሙሉ ደስታ አያሳጣዎት። ጥምቀትን እንዴት ዋላችሁ? እኔ የዋልኩት ሞተር ሥር ተጋድሜ ነው። የኳስ አገር ደርሼ ኳስ ያየሁት ወደብ ላይ በሰው ስልክ ነው፤ ይብላኝ ለእኔ።

የሰፈሩ ደስታ የእኔም ደስታ ነው። ወንድሜ ክፍል ማግኘቱን ሳነብ ለጃለታ ጮክ ብዬ ነገርኩት። ግን እትዬ፣ «ዓይን ይሞላል» ከሚለው በኋላ ያለውን አነበቡት ወይ? በደብዳቤዎ ላይ እልልታው መጣና ነገሩ እዚያ ላይ ቆመብኝ። ጃለታ «አክስትህ አላነበቡትም» ይላል። ያነባሉ እንጂ ብዬ ተከራክሬዋለሁ።

የአፈር ባለሙያ መጥቶ አየው? ጉድጓዱ እስከ አለቱ ወረደ ወይስ ጥቁሩ አፈር ላይ አቆሙት? ዘአማኑኤል አፋፉ ላይ ቆሞ ከታች ያየውን ቀለም ይንገረኝ። ጥቁር ከሆነ ሥራው ይቁም ብላችሁ ጩኹ፤ አርማታው ሳይፈስ አሁን ነው ጊዜው። መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ጌዲዮን


አቃቂ በሰቃ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጌዲዮን፤

እንኳን ከጾሙ ወደ ፍስኩ አሸጋገረህ። በሰላም ይዞ በሰላም ይመልስህ። ለፋሲካ ትመጣለህ ብለን ስንጠብቅ፣ ተተኪ አልተገኘም ብለው ኮንትራትህን አራዘሙብህ አሉ። ምን አይነት ሰዎች ናቸው?

ዘገዩ ልትለኝ ነው። አዎ ዘገየሁ፤ ተቀይሜህ ነበር። አላነበብኩትም! ይኸው ነገርኩህ። ሰው እልል እያለ «ቆዩ፣ ገና አላለቀም» ልበል? ሠርግ መሀል ቆሞ ስለ ሞት የሚያወራ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ደግሞ ዝም አላልኩም፤ ባለሀብቱን ለብቻው ጠይቄዋለሁ። «እማማ፣ ይኼ የባለሙያ ሥራ ነው፣ እርስዎ አይጨነቁ» አለኝ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ወንድምህ እንደዚያ ብለሽ ጻፊለት ብሎኛል። ጥቁር ቢሆንስ? አያቶችህ ጤፍ ዘርተው እኛን ያሳደጉበት አፈር እኮ ነው።

ይልቅ ጉዱን ስማ። ጥላ ፎቁ አለቀ! ከሳሪስ መንገድ ላይ ሆነህ ታየዋለህ። ባለሀብቱ እብነ በረድ አስቀርጾ ግድግዳው ላይ አስለጥፏል፤ «ዲዛይኑን ያጸደቁት፦ ኢንጂነር ጌዲዮን» ይላል፣ በወርቃማ ፊደል። ፊቱ ቆሜ አለቀስኩ። አላፊ አግዳሚው ምን ሆነች እያለ ያየኛል።

የመክፈቻው ዕለት ሁለት ለባዶ አሸነፍን። ላይኛው ደርብ ላይ ስንዘል ወለሉ አብሮን ይዘላል! መጀመሪያ ደንገጥ ብዬ ነበር። ልጆቹ ግን «ጥላ ፎቁም ይጨፍራል» የሚል ዘፈን አወጡለት፣ እኔም አብሬ ዘፈንኩ።

ዘአማኑኤል ክፍሉ ገብቷል፤ አልጋውን፣ ከበሮውን፣ የእናትህን ፎቶ ይዞ። በሩ ብቻ ይይዘው ነበር፤ የበልጉ ዝናብ እንጨቱን አሳብጦት ነው። በመላጊያ ላገውና አሁን ይዘጋል።

አክስትህ ጋዲሴ


ደርባን ወደብ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣ ሰላምታዬ ቢያጥር ይቅር ይበሉኝ፤ ልቤ አልረጋም።

ያበጠው እንጨቱ ከሆነ በሩ ዙሪያውን ነው የሚይዘው። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ግን አንድ ጥግ ላይ ብቻ ይነክሳል። ዘአማኑኤል የላገው የቱን ነው? ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ አለ? ቢቀጥንም፣ ክር ቢያህልም ይንገሩኝ። እኛ መርከብ ላይ በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ሲል ሥራችንን ጥለን የምንሮጠው የመርከቡን አካል ልናይ ነው። በሩን የሚልግ የለም።

ስንጥቁ ካለ ወንድሜ እዚያ አይደር። አንድም ቀን። ሰውም ላዩ ላይ አይዝለል።

ያን እብነ በረድ ደግሞ አንሡልኝ። እኔ ያጸደቅኩት ነገር የለም። ስሜን ከዚያ ግድግዳ ላይ አውርዱልኝ፣ እለምንዎታለሁ።

ጌዲዮን


አቃቂ በሰቃ፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌዲዮን፤

ያለህበትን ውሃ ጸጥ ያድርግልህ። እኛ አለን። ክረምቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባብን።

ስንጥቁ አለ። በግራው ጥግ በኩል፣ ልክ አንተ እንዳልከው። መጀመሪያ ክር ያህል ነበር፣ አሁን የዘአማኑኤል ጣት ይገባበታል። ለባለሀብቱ ነገርነው፤ ሁለት ለሳኞች ልኮ አስለሰነው፣ ላዩን አረንጓዴ ቀለም አስቀባው። ሳምንት ሳይቆይ ቀለሙን ቀዶ ወጣ። በሩንም ዘአማኑኤል ደግሞ ላገው። ላይኛው ደርብ ላይ መዝለል ቀርቷል፤ ለነገሩ ሊጉ አልቋል፣ ሰውም አይወጣም።

እንደገና ልንነግረው ስንሄድ ቢሮው ታሽጓል። ድርሻውን ሸጦ ሄደ አሉን። ለማን? የሚያውቅ የለም። ክፍለ ከተማ ሄድን፣ ወደ ሌላ ቢሮ ላኩን። እዚያ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሩን አየችና «እማማ፣ ባለቤቱ ድርጅት ነው፣ ሰው አይደለም» አለችኝ። ሰው ያልሆነ ባለቤት ምኑ ተይዞ ይጠየቃል? ደንዝዤ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ የማናውቃቸው ሰዎች መጥተው ሜዳውን ይለኩ ጀመር። ማን ላካችሁ ስንላቸው አይመልሱም። የወንዙን በኩል ጎል ነቅለው ጭቃው ላይ አጋደሙት።

ያደታ ቤቴ መጣ። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ጠበቃ ይዘን ከሰስን። ፍርድ ቤቱ ግን በክረምት ዝግ ነውና ቀጠሮው ለጥቅምት ሆነ። እስከዚያ የእኛ ሰው ግቢው ውስጥ እስካለ ድረስ አጥረው ሊይዙት አይችሉም ይላል ጠበቃው። ያለን ሰው ደግሞ ዘአማኑኤል ነው። ከዚያ ሁሉ ሜዳ የቀረችን የእሱ ክፍል ናት።

ደብዳቤህን አንብቦ ሊወጣ ነበር። ያደታም «ልጁን አውጪው፣ ሜዳው ገደል ይግባ» አለኝ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። እስከ ጥቅምት ብቻ ቆይልን አልኩት። እሱም እሺ አለኝ፤ መቼ እንቢ ብሎኝ ያውቃል? እናትህ ላቧን ያፈሰሰችበት ሜዳ ነው፣ ጌዲዮን። እኔ እጄን አውጥቼ ነው የሰጠሁት፤ ሳላስመልሰው ብሞት ምን ብዬ እሷ ፊት እቆማለሁ?

እብነ በረዱን አልነቀልነውም። መሰላል የለንም።

አክስትህ ጋዲሴ


ከሲንጋፖር ወደብ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጋዲሴ፤

ከተወለድኩ እርስዎ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ዛሬ ግን እየጮኽኩ ነው የምጽፈው፤ እየጮኽኩ እንደሆነ ይቁጠሩት።

ያውጡት! ሜዳው ይቅር፣ ክለቡ ይቅር፣ ክሱ ይቅር! ድርና ማግ ከእንግዲህ የሰው ሜዳ ለምኖ ይጫወት። ምን አለበት? እማዬ ብትኖር ከሜዳውና ከልጇ የቱን ትመርጥ ነበር? እርስዎስ? ሁለታችንን ያሳደጉን እርስዎ አይደሉም ወይ?

ዋልካው የበጋውን ስንጥቅ ሁሉ ገና አሁን ነው ውሃ የሚሞላው። ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ከሥር ያብጣል፣ ወንዙ ደግሞ በጎኑ ይበላዋል። ያ ግድግዳ ጥቅምትን ላያይ ይችላል። በሩ አንድ ቀን ከውስጥ አልከፈትም ይለዋል፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። ጃለታ ተኛ ይለኛል፤ እንዴት ልተኛ?

ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ለዘአማኑኤል ያንብቡለት። ለደጋፊውም ያንብቡት። ሙሉውን፣ እትዬ። እስከ መጨረሻው።

ዘኑዬ፣ ወንድሜ፣ ከበሮህን ያዝና ውጣ። ሌላውን ተወው። ስመጣ ቤት እንከራያለን፣ አብረን እንኖራለን። ውጣልኝ።

ጌዲዮን


አቃቂ በሰቃ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌዲዮን፤

ጤናህ እንዴት ነው? ፍልሰታን እየጾምን ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ተሽሎታል። ሰፈሩ ሁሉ ደህና ነው። ዝናቡ በርትቷል፣ ክረምት አይደል።

ደብዳቤህ ደርሶናል፤ ሙሉውን አንብቤዋለሁ። ስለ በሩ ከእንግዲህ አታስብ። መዘግየቴ የሀይረዲን ኮምፒውተር መብራት ስላልነበረው ነው። ያደታም ሰላም ብሎሃል፤ ታርቀናል።

በደንብ ብላ፤ ጾም ነው ብለህ እንዳትራብ፣ መንገደኛ አይጾምም። ከጃለታም አትለይ። አገርህ በሰላም ያግባህ።

አክስትህ ጋዲሴ


አቃቂ በሰቃ፣ በዚያው ዕለት

ለአቶ ጃለታ፣ ለብቻው የሚሰጥ

ልጄ ጃለታ፣ «አንተ» ብዬ ብጠራህ አትቀየመኝ። ዓይንህን አይቼው አላውቅም፤ ግን ደብዳቤዬን ከጌዲዮን ጋር አብረህ እንደምታነብ ስለነገረኝ እንደማውቅህ ነው የምቆጥረው። ካፒቴናችሁ ስም እየጠራ ስለሚያድል ይህ በአንተ እጅ ብቻ እንደሚገባ አምኜ ነው የጻፍኩልህ። ጌዲዮን አጠገብህ ካለ እባክህ ሌላ ቦታ ሄደህ አንብበው።

ዘአማኑኤል ሞቷል።

ሀይረዲን ይህን መጻፍ አቅቶት ተነሥቶ ወጥቶ ነበር፣ አሁን ተመልሷል።

የጌዲዮን የሐምሌ ደብዳቤ እንደደረሰ ወደ ሜዳው ይዤው ሄድኩ። ለዘአማኑኤልም ለደጋፊውም ሙሉውን አነበብኩት፤ አንድም ቃል አላስቀረሁም። ዘአማኑኤል ፍራሹን ጠቅሎ ትከሻው ላይ አደረገና ወጣ። ደጅ የቆመው ደጋፊ ግን ስሙን እየጠራ ዘፈነለት፤ «አስጨፋሪያችን ወዴት ይሄዳል» እያለ አጨበጨበለት። ልጁ ቆመ፣ ሳቀ፣ ፍራሹን መልሶ አስገባ። ልጄ፣ ከዘፈኑት አንዷ እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ወንዙ ሞልቶ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ጥላ ፎቁ በወንዙ በኩል ወረደ። ያዩት ሰዎች ወደቀ አይሉም፤ እንደደከመው ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ ነው የሚሉት። ዘአማኑኤልን በሩ ሥር አገኙት። ነቅቶ ነበር። በሩ አልከፈትም ብሎታል። በሩን የገፋበት ትከሻ በልዞ እንደነበር የገነዙት ነግረውኛል። ከእናቱ ጎን አሳርፈነዋል፤ የድርና ማግ ደጋፊ ሁሉ ነበር፣ የዘፈነ ግን የለም።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። ባሕር ላይ ሳላችሁ አትንገረው፤ ዙሪያውን ውሃ ነውና እፈራለሁ። መርከባችሁ ወደብ ይያዝ፤ ግን ስልኩን ከፍቶ ከሌላ ሰው ሳይሰማ ቅደም። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ እንደሚነገር ታውቃለህ። እዚያ ሽማግሌም ዘመድም የለውም፤ ሁሉንም የምትሆንለት አንተ ነህ። ካፒቴኑንም ንገረውና አጠገባችሁ ይሁን። እጁን ይዘህ ንገረው፤ ይጩኽ፣ አትከልክለው። ብቻውን ግን አትተወው። ዛሬ ለእሱ የላክሁትን ደብዳቤ አብራችሁ ስታነቡ ፊትህ እንዳይለወጥ አደራህን።

ምን ገደለው ካለህ መኪና ነው በለው። ቃሊቲ መንገድ ላይ፣ የጭነት መኪና። ጥላ ፎቁን እንዳታነሣበት። አንድ ቀን መጥቶ ማየቱ እንደማይቀር አጥቼው አይደለም፤ ያን ቀን እግሩ ሥር ወድቄ እኔው እነግረዋለሁ። ስሙ ያለበትን እብነ በረድ ያደታ ከፍርስራሹ ውስጥ ፈልጎ በመዶሻ አድቅቆታል። እስከዚያ ግን ጌዲዮን ወንድሙን ብቻ ያልቅስ፤ የራሱን ቃል አያልቅስ።

ስለ በሩ ይጠይቅሃል። ለቅሶው ጋብ ሲልለት መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው፤ አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ያን ጊዜ ዓይንህን ሳትሰብር፣ «ወንድምህ ደብዳቤህን ሰምቶ ክፍሉን ለቆ ወጥቶ ነበር» በለው።

ጋዲሴ